የቮልሷ ፍጥነት መለኪያ፦ ከማይል ወደ ኪሎሜትር

ቅዳሜ ከሰዓት

መኪናዋ ቮልስ ናት። 1300፣ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ምርት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ፍሬኗም ይይዛል። ፍጥነት መለኪያዋ ግን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እንደፈለገው ነው። 40 ላይ ስትደርስ ቀስቱ መደነስ ይጀምራል። 50 ስትጠጋ ወደ 80 ይዘላል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ጌጁ ሞቷል" ብሎ በቀጥታ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይሮጣል። እኔ ከታች መጀመር መረጥኩ። የፍጥነት ንባብ ሲበላሽ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ካቦው (ዙሩን ወደ መለኪያው የሚያደርሰው የብረት ገመድ)፣ ጎማው እና ጌጁ፣ ማለትም መለኪያው ራሱ። አንዱን ከሌላው ሳትለይ ቀስት መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ቮልስ እንደ ሌላው መኪና ካቦዋ ከካምቢዮ አይነሳም። ካምቢዮዋ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጋር ነው። ካቦው የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው። የጎማው እምብርት ላይ ያለችው የግራሶ ክዳን መሃሏ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላት። የካቦው ጫፍም አራት ማዕዘን ነው። በቀዳዳዋ ወጥቶ በትንሽ ክሊፕ ይያዛል። ጎማው ሲዞር ክዳኗ ትዞራለች፣ ክዳኗ ካቦውን ታዞራለች። አንድ የጎማ ዙር፣ አንድ የካቦ ዙር። መሃል ላይ የሚገባ ማርሽ የለም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ለሒሳቡ ይጠቅመናል።

የቀኝ ጎማ ክዳን ቀዳዳ የላትም። ኩሽኔታ የቀየረ ሰው ግራና ቀኙን አለዋውጦ ከገጠመ ጌጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይሠራም። የእኔዋ በትክክለኛው ቦታ ነበረች። ነገር ግን የቀዳዳዋ አራት ማዕዘን ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ካቦው ውስጧ ይንቀዋለላል።

ካቦውን መዝዤ አወጣሁት። ደርቋል፣ ቡናማ ዝገት ይዟል። ካቦ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በመዳፍ ማንከባለል ነው። ጤነኛ ከሆነ ጸጥ ብሎ ይንከባለላል። የእኔው ግን ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ የታጠፈ ቦታ ነበረው። እዚያ ሲደርስ ብድግ፣ ቁጭ ይላል። የቀስቱ ጭፈራ ምክንያት ይኸው ነው። የታጠፈ ካቦ ዙሩን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

አዲስ ካቦና ክዳን ተገዛ። ግራሶ ቀባሁት፣ ግን በስሱ፣ ያውም ወደ ጌጁ የሚገባውን የመጨረሻውን አንድ ስንዝር ትቼ። ግራሶ ሲበዛ ከዙሩ ጋር እየተጠመዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጌጁ ውስጥም ይገባል። "ብዙ ቅባ፣ አይጎዳም" የሚሉ መካኒኮች አሉ። እዚህ ላይ አትስሟቸው።

እሁድ ጠዋት

በሰፈሩ ዞርኩ። ቀስቱ አሁንም ተኝቷል። የኪሎሜትር ቆጣሪው ግን ይቆጥራል!

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጌጁ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች አሉ፤ የሚጋሩት ካቦውን ብቻ ነው። ቆጣሪው በማርሽ ነው የሚሠራው። ካቦው ይህን ያህል ዙር ሲዞር ቁጥሩ አንድ ይጨምራል፣ በቃ። ቀስቱ ግን ከካቦው ጋር በምንም አይነካካም። ካቦው የሚያዞረው ማግኔት ነው። ማግኔቱን ሳይነካው የከደነው የአሉሚኒየም ኩባያ አለ፣ ቀስቱ የተተከለውም በኩባያው ዘንግ ላይ ነው። ማግኔቱ ሲዞር አሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት ደግሞ ኩባያውን ወደ ዙሩ አቅጣጫ ይጎትተዋል። ሻይ ስናማስል ማንኪያው ያልነካው ቅጠል ሁሉ አብሮ እንደሚዞረው ማለት ነው። ኩባያው ግን እንደልቡ አይዞርም፤ ከእጅ ሰዓት ሞላ የማትወፍር ቀጭን ሞላ ወደኋላ ትይዘዋለች። የማግኔቱ ጉተታና የሞላዋ ጉልበት እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ ቀስቱ ይቆማል። እሱ ነው የምናነበው ፍጥነት።

ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ ይህንን ዘዴ በ1902 (እ.ኤ.አ.) በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ካቦ ያላቸው መኪኖች አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ድረስ በእሱው መንገድ ነው የሠሩት።

ስለዚህ ቆጣሪው እየቆጠረ ቀስቱ ከሞተ ካቦው ነጻ ነው። ጥፋቱ ያለው ከማግኔቱ በላይ፣ ኩባያው ወይም ሞላዋ ላይ ነው።

እሁድ ከሰዓት

ጌጁ ወጣ። በቮልስ ይህ የደስታ ሥራ ነው፣ ዳሽቦርድ መፍታት የለም። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ሥር የባትሪውን ገመድ ነቅያለሁ። የፊት ኮፈኑን ከፍተህ ካርቶኑን ስታነሳ የጌጁ ጀርባ ፊት ለፊትህ ነው። የካቦው ዳዶ በእጅ ይፈታል። አምፖሎቹ ተስበው ይወጣሉ። ሽቦዎቹን ከመንቀሌ በፊት በስልክ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ሞዴል የቤንዚን ጌጁም እዚያው ውስጥ ነው። ሁለት ቡሎን ፈትተህ ወደ መሪው በኩል ገፋ ስታደርገው ይወጣል።

ከባዱ መክፈቱ ነው። የመስታወቱን ዙሪያ የያዘው ቀለበት በቡሎን አይደለም የታሰረው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው። በትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትንሽ በትንሽ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ማቃናት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተጫንከው ቀለበቱ ይሰነጠቃል። ሬድዮ ከፍቼ ቀስ ብዬ ሠራሁት።

ውስጡ ጥቁር ሆኖ ቆየኝ። ለዓመታት በካቦው ላይ የወጣው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ኩባያውን ከማግኔቱ ጋር አጣብቆታል። ማግኔቱ ኩባያውን ይዞት ሲዞር ሞላዋ ተጎትታ እርስ በርሷ ተጠላልፋለች። አንዱ ዙሯ ተጣሞ ሌላው ላይ ወጥቷል። በወረንጦ ማቃናት ይቻል ይሆናል፣ ግን ከዚያ በኋላ የምታሳየው ቁጥር እምነት የሚጣልበት አይሆንም። የእሱ ነገር ተዘጋ።

ማክሰኞ ማታ

ምትክ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። የቮልስ ጌጅ ጠፍቶ አይደለም፣ ያገኘኋቸው ሁሉ ወይ ፊታቸው የተላጠ ወይ ቀስታቸው የተሰበረ ሆነብኝ። በመጨረሻ የደረሰልኝ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። ንጹሕ ያገለገለ ጌጅ እዚያ ገዝቶ ለሚመጣ ሰው በሻንጣ ላከልኝ። ችግሩ ይታወቃል፦ አሜሪካ ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ማይል ነው። ከ0 እስከ 90።

ምርጫዎቹን ደረደርኩ። አንደኛው እንዳለ ገጥሞ በጭንቅላት ማባዛት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ሚኒባስ ሲቆርጥብህ በ1.6 ማባዛት ደግሞ ለእኔ አይሆንም። ሁለተኛው ስቲከር ቤት አዲስ ፊት ማሳተም ነው። ያምራል፣ ግን የድሮው ፊት ውበት የት ይገኛል? ሦስተኛው የራሴን ፊት፣ እስከ 140 ኪሎሜትር የሚለውን፣ ነቅሎ በአሜሪካኑ ጌጅ ላይ መግጠም። የማይሉን ኩባያና ሞላ ነቅዬ የድሮው ጌጄ ውስጥ መክተትንም አስቤው ነበር። እሱ ግን የሰዓት ሠሪ እጅ ይፈልጋል።

ሦስተኛውን ያዝኩ። ሁለቱን ፊቶች አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ወደ መብራት ሳያቸው የቡሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ለልክ ናቸው። የቆጣሪው መስኮትም ይገጥማል። የ0 መስመሮቹ ተገጣጠሙ። የ90ው ማይል መስመር የ140ው ኪሎሜትር መስመር ላይ ቁጭ አለ።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 90 ማይል 140 ኪሎሜትር አይደለም፣ 145 ነው። ስለዚህ ምንም ሳልነካ ፊቱን ብቻ ብቀይረው ጌጁ ከእውነቱ ሦስት ተኩል በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ዝቅ ማለት ደግሞ መጥፎው አቅጣጫ ነው። ፍጥነት መለኪያ ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ይሻላል፣ ዝቅ ማድረግ ግን የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 በግልጽ አስቀምጦታል፦ የሚታየው ፍጥነት ከእውነተኛው ፈጽሞ ማነስ የለበትም። መብለጥ የሚችለውም ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ እና 4 ኪሎሜትር ሲደመር ድረስ ነው። በ80 ስትሄድ እስከ 92 ቢያሳይ ደንቡ አይከስሰውም፣ 79 ቢያሳይ ግን ይከስሰዋል። የብዙ አዳዲስ መኪኖች ጌጅ ከጂፒኤስ ከፍ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሙስ

ዛሬ የጎማ ሒሳብ ነው። ጎማዬ 155/80 አር 15 ነው። በወረቀት ስታሰላው ዙሪያው 1.98 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ግን ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ይተኛል፣ ሲንከባለል የሚሸፍነው ከወረቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ነፋሱን አስተካክዬ፣ እኔ መሪ ላይ ተቀምጬ፣ ጎማውና አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን መኪናዋን በእጅ አስገፋናት። 10 ዙር፣ 19.3 ሜትር። አንድ ዙር 1.93 ሜትር ማለት ነው። ብዙ ዙር መለካት ይሻላል፣ በአንድ ዙር ላይ የጣት ስፋት ስሕተት ብዙ ያዛባል።

በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት በደቂቃ 1,000 ሜትር ትሄዳለህ። 1,000 ለ1.93 ሲካፈል 518። አንድ የጎማ ዙር አንድ የካቦ ዙር ስለሆነ ካቦው በደቂቃ 518 ጊዜ ሲዞር ጌጁ 60 ማሳየት አለበት። ለ40 ሲሆን 345፣ ለ80 ሲሆን 691፣ ለ100 ሲሆን 864። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ትልልቅ ጎማ መግጠም የሚወድ ጓደኛ አለኝ። ቪትስ ነው የሚነዳው። "የኔ ካቦ የለውም፣ ምን ያገባዋል?" ይላል። ያገባዋል። ሴንሰሩም የሚቆጥረው ዙር ነው። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ጌጁ ግን ያን አያውቅም፣ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ቅዳሜ ጠዋት

ጌጁን በሞርሳ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት። ከአሮጌው ካቦ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጬ ድሪል ላይ አሰርኩ። ድሪሉ ወደ ኋላ መዞር አለበት፣ ማለትም ቡሎን በሚፈታበት አቅጣጫ፤ የግራ ጎማ ካቦውን የሚያዞረው እንደዚያ ነው። በተቃራኒው ካዞርከው ቀስቱ ማቆሚያው ላይ ይጫናል።

የድሪሉን ዙር የሚለካ መሣሪያ ከሰፈራችን ሞተር ጠቅላይ፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሽቦ ከሚጠመጥሙት ባለሙያ፣ ተዋስኩ። አዛውንት ናቸው፣ ሥራቸውን ጥለው አብረውኝ መጡ።

"ጋሼ፣ ለምን ይደክማሉ፣ እኔ እመልሰው ነበር እኮ።"

"ልጄ፣ መሣሪያዬን አይደለም የምጠብቀው። የቮልስ ጌጅ በድሪል ሲነዳ ማየት ፈልጌ ነው።"

የመሣሪያው ጨረር የሚያነበውን አንጸባራቂ ወረቀት የድሪሉ አንገት ላይ ለጠፉ። እኔ ድሪሉን፣ እሳቸው ንባቡን ያዙ።

መጀመሪያ ፊቱን ሳልቀይር በማይል ሞከርኩት። 518 ላይ 37.3 ማይል ማሳየት ነበረበት፣ ከ37 ትንሽ ዝቅ አለ። 691 ላይ 49.7 መሆን ሲገባው 49 አሳየ። ለዚህ ዕድሜው እንከን አይወጣለትም። ማግኔት ሲያረጅ ይደክማል፣ ንባቡም ዝቅ ይላል። ይሄኛው ብዙም አልደከመም።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ቀስቱን መንቀል። ከሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ቀስቱ ቀጭን ዘንግ ላይ ተጠቅጥቆ ነው ያለው። በአንድ ወገን ከሳብከው ዘንጉ ይጣመማል፣ ዘንጉ ከተጣመመ ጌጁ አለቀለት።

ከመንቀል በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ያረፈው ሞላዋ እዚያ ስላበቃች አይደለም። ትንሽ ፒን ስለያዘው ነው። ሞላዋ ገና ወደ ታች እየገፋችው ነው። ቀስቱን በጥፍር ቀስ ብሎ አንስቶ ከፒኑ በላይ ማሳለፍና መልቀቅ ያስፈልጋል። ቀስቱ ተወዛውዞ ከዜሮው በታች አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ትክክለኛው የሞላዋ እረፍት እሱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረግሁ። ይህን ያልመዘገበ ሰው ቀስቱን ሲመልስ "ዜሮ" ላይ ይተክለዋል። የሞላዋ ጉልበት ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ጌጁ በሁሉም ፍጥነት ላይ ከፍ ብሎ ያነባል።

ከፊቱ ላይ እንዳይጫር ካርቶን አነጠፍኩ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ከግራና ከቀኝ ከቀስቱ እምብርት ሥር አስገብቼ እኩል ወደ ታች ተጫንኳቸው። "ጠቅ" አለና ተነሳ። ሁለት ቡሎን፣ የማይሉ ፊት ወጣ፣ የኪሎሜትሩ ገባ።

አሁን ቀስቱን የት ልትከል? ዜሮ ላይ አይደለም። መኪና ዜሮ ላይ ቆማ ጌጅ የሚያይ የለም። ድሪሉን 518 ላይ ይዘን፣ ዘንጉ እየተጎተተ ሳለ፣ ቀስቱን በስሱ 60 ላይ አስቀመጥኩት። ሳልጠቀጥቅ። ከዚያ ሌሎቹን አየን። 345 ላይ 41፣ 691 ላይ 79፣ 864 ላይ 98።

ይህ ንባብ ብዙ ይናገራል። ስሕተቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን ኖሮ ቀስቱን ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን በፍጥነቱ ልክ እያደገ ይሄዳል፣ በ20 ኪሎሜትር አንድ እየጎደለ። አምስት በመቶ። ሦስት ተኩሉ የፊቱ ልዩነት ነው፣ ቀሪው የማግኔቱ ድካም። እሱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ማግኔቱን እንደገና ማጠንከር ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በሻይ ማንኪያ የሚሠራ አይደለም።

ጋሼ ንባቡን አይተው "60 ላይ ልክ ነው፣ ተወው በቃ" አሉ። እኔ ግን 80 ላይ ዝቅ ማለቱን አልወደድኩትም። ቀስቱን 2 ኪሎሜትር ከፍ አድርጌ፣ 518 ላይ 62 እንዲያሳይ፣ ጠቀጠቅኩት። እንግዲህ 40 ሲሆን 43 ይላል፣ 60 ሲሆን 62፣ 80 ሲሆን 81፣ 100 ሲሆን 100። በከተማ ትንሽ ያስፈራራኛል፣ በሀገር መንገድ እውነቱን ይነግረኛል። ይህች ቮልስ ከ100 በላይ የምትሄድበት ጉዳይ የላትም።

ከመዝጋቴ በፊት መስታወቱን ከውስጥ አጠብኩ። ቀለበቱን መልሶ ማጠፍ ከመክፈቱ ይቀላል።

እሁድ፣ በጠዋት

የአዲስ አበባ አዳማ የፈጣን መንገድ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ። ለእንዲህ ያለ ልኬት የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ፣ ሰው የማያቋርጥበት መንገድ ነው። በእሁድ ጠዋት ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

እህቴ ስልኳ ላይ ጂፒኤሱን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ስልክ ፍጥነትህን ዘግየት ብሎ ነው የሚነግርህ፤ ስትፋጠን ወይ ስትቀንስ ያነበብከው ቁጥር ዋጋ የለውም። ቀስቱን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ ትንሽ መጠበቅ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይህን ማድረግ ለቮልስ ቀላል አይደለም። በስልኩ 60 ሲሆን ቀስቱ 62፣ አንዳንዴ 63። በ80 ደግሞ 81። ድሪሉ አልዋሸም። ለማመሳከር አንዱን ኪሎሜትር በሰዓት ያዝነው። ቀስቱን 81 ላይ ይዤ ከአንዱ የኪሎሜትር ምልክት እስከ ቀጣዩ 45 ሴኮንድ። 80 ማለት ነው።

ቀስቱም አይደንስም። ከ30 በታች ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በላይ ግን ጸጥ ነው። አዲሱ ካቦና አዲሷ ክዳን ሥራቸውን ሠርተዋል።

ቆጣሪውስ? እሱ አሁንም የሚቆጥረው ማይል ነው፣ ምክንያቱም ፊቱ እንጂ ማርሹ አልተቀየረም። በ50 ኪሎሜትር 31 መጨመር ነበረበት። 31 ቁጥር ተገልብጦ 32ኛው ገና ሲንቀሳቀስ 50ው አለቀ። ስለዚህ የማርሹና የጎማው ግንኙነት ልክ ነው፣ የቀረው ጉድለት በሙሉ የቀስቱ ወገን ነው። ዘይት ለመቀየርና ቤንዚን ለማስላት በ1.6 አባዛዋለሁ፤ እሱን ቤት ተቀምጬ የማደርገው ነው፣ ሚኒባስ አይቆርጥብኝም።

ይህን ሥራ የሰማ አንድ ደላላ ደውሎ "ቁጥሩንም በዚያው ዝቅ ብታደርገው ኖሮ" አለኝ። ሰው መኪና ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። የእኔው ጌጅ ሲወጣ የነበረውን ቁጥር፣ የአሜሪካኑ ሲገባ የነበረውን ቁጥርና ቀኑን በመኪናዋ ደብተር ጽፌ ፈርሜበታለሁ። መስኮቱ ሥር ደግሞ "ማይል" የምትል ትንሽ ስቲከር ለጥፌያለሁ። ነገ መኪናዋን የሚገዛ ሰው ካለ አይደናገር።

ሰኞ ማታ

የቀረ ነገር። የጌጁ የውስጥ አምፖል ደካማ ነው፣ ሌላ ተገዝቷል። የቤንዚን ጌጁ ግን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሦስት አራተኛ ነው የሚለው። ተንሳፋፊው ይሁን ከጌጁ ጀርባ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ገና አልለየሁም። የመጀመሪያው ምርመራ በቮልት ሜትር ከታንኩ በኩል ይሆናል፤ ጌጁን እንደገና ላወጣው አልፈልግም።